ድንጋይ ላይ የማልቀመጥበት ምክንያት

ዳባት ውስጥ ስለ እኔ የሚወራውን ሁሉ አውቃለሁ። ለቅሶ ቤት ስሄድ በርጩማዬን በብብቴ ሸጉጬ ነው የምሄደው። ሰው ሁሉ ድንጋይ ላይ፣ ግንድ ላይ፣ ያገኘው ነገር ላይ ሲቀመጥ እኔ ብቻ እንደ ሹም በርጩማዬ ላይ ጉብ እላለሁ። ግማሹ ኪንታሮት አለበት ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ጠንቋይ ከድንጋይ ከልክሎት ነው ይላል። የእድራችን ዳኛ አንድ ቀን፣ «አንተ ስትሞት በርጩማህን አብረን እንቅበረው ወይስ ልጅህ ይውረሰው?» ብሎኝ ለቀስተኛው ሁሉ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ሲንፈቀፈቅ ነበር። እኔም ሣቅኩ። በራሴ በመሣቅ ማንም አይቀድመኝም። ኪንታሮቱንም አልክድም፤ ሰው አንድ ምክንያት ከያዘ ሁለተኛ አይጠይቅም ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ልጅ ጉድ አደረገችኝ። ጠዋት ነው፣ በር ላይ ቆማ «ከጤና ጥናት ነው የመጣሁት ጋሼ፣ ጥቂት ጥያቄ ብቻ ናት» አለችኝ። ታብሌት ታቅፋለች፤ ነጭ ስኒከሯ ከዳባት ጭቃ ጋር ገና አልተዋወቀም። «ግቢ ልጄ፣ ቤቱ ጨለማ ነው፣ ጓሮ ፀሐዩ ላይ እንሁን» አልኳት። በርጩማ ላመጣላት ዘወር ስል ልጅቷ አጥሩ ሥር ወዳለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሄዳ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቁጭ አለች።

«ተነሺ!» አልኩ። አልኩ ይባላል? ጮኽኩ እንጂ። በውሻ እንኳ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። ታብሌቷ ከእጇ አመለጠች፣ ጎረቤት ብቅ አለ፣ ባለቤቴ ይታይሽ ከማድቤት ወጥታ አየችን፣ ድንጋይዋንም አየች፣ ተመልሳ ገባች። ልጅቷ ታብሌቷን እያነሣች «እባብ ነው እንዴ ጋሼ?» አለችኝ። «አዎ፣ እባብ አይቼ መስሎኝ ነው» አልኳት። በርጩማዬን ለእሷ ሰጠሁና እኔ ቆሜ መልስ መስጠት ጀመርኩ። የጣሪያው ቆርቆሮ ነው ወይ፣ ውኃ ከየት ነው የምትቀዱት፣ ራዲዮ አላችሁ ወይ፣ እያለች ወረደች። ቀልዴም ተመለሰልኝ። «ራዲዮ አለን፣ ግን ከባለቤቴ በላይ አያወራም» ስላት ሣቀች። ከዚያ ታብሌቷን በጣቷ ገፋ አድርጋ ይህን አነበበች፦

«በዚህ ቤት ውስጥ ሞቶ የሚያውቅ ሕፃን አለ? አንድ ቀንም ቢሆን የኖረ፣ ስም ያልወጣለት፣ ክርስትና ያልተነሣም ቢሆን?»

«እስኪ ድገሚልኝ» አልኳት። ደገመችልኝ። «ይህን ጥያቄ ማነው ያወጣው?» አልኳት። «ከላይ ነው የመጣው ጋሼ፣ ፎርሙ ላይ ያለ ነው» አለች። ከላይ! እኔ ይህንኑ ጥያቄ ወደ ላይ ለማውጣት ያልወጣሁት አቀበት አልነበረም።

ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ማትሪክ ወድቄ፣ የወደቅኩትም በሒሳብ ሆኖ፣ ሥራ ያገኘሁት ግን በቆጠራ ነው፤ ይህን ለሰው ስናገር ያልሣቀ የለም። ሱሪዬ ቤል ቦተም ነበር። ሞዱ አዲስ አበባ ላይ ሞቶ ተቀብሮ ለእኛ ለዳባቶች ገና መድረሱ ነበር። ከታች ስለሚሰፋ ጭቃውን እየጠረገ ይሄዳል፤ ቀበሌው ለመንገድ ጽዳት ቢቀጥረኝ ያዋጣው ነበር። ከላይ ካኪ ጃኬት፣ ከሥር ኮንጎ ጫማ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም፤ በስሙኒ ቆሎ የገዛ ሰው ኪሱ እስከ ደባርቅ አይጎድልም። ከጎንደር የሚመጣው አውቶቡስ ኮሶዬ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ይቆማል፣ ሾፌሩ ወርዶ ውኃ ያጠጣዋል፣ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ደግሞ እህል ጭኖ ሰው ያወርዳል። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከጠዋት ጀምሮ ማርሽ ይለቅብናል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ባለ ሦስት ባንድ ራዲዮ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለ ፍቅር ይዘፍናል። ሁለቱ ሲደባለቁ ሰልፍ የወጣ አፍቃሪ የሚያለቅስ ነበር የሚመስለው። ዛሬ ሻይ ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ማዕዘኑ ግን ያው ነው፤ ሳልፍ እግሬ ራሱ ዘገም ይላል።

ቆጠራውን ያመጡት ከአዲስ አበባ የመጡ ቀጭን ዶክተር ናቸው። ሹራባቸውን ከካፖርታቸው በላይ የሚለብሱ፣ ብርዱ ግራ ያጋባቸው ሰው ነበሩ። አሥራ ሁለት የምንሆን ቆጣሪዎችን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስበው፣ «መንግሥት በዚህ ወረዳ አንድ ጤና ጣቢያ ሊሠራ ነው። አንድ ብቻ። መንገድ ዳር ይሠራ የሚሉ አሉ። እኔ የምለው፣ ከመንገድ በራቅን ቁጥር ሞቱ ይበዛል፣ ስለዚህ ጣቢያው ሞቱ ወዳለበት ይሂድ ነው። ግን በአፍ ብናገር ማንም አይሰማኝም። እናንተ በወረቀት አምጡልኝና ለአገሩ ሁሉ የሚሆን መመሪያ አስወጣበታለሁ» አሉን። እኔ ከወንበሬ ልነሣና ላቅፋቸው ነበር የቀረኝ። ታላቅ እህቴ እንጉዳይ ያገባችው ወይራ ገደል ነዋ። ወይራ ገደል በጃናሞራ በኩል ከገደሉ ሥር የተወሸቀች መንደር ናት። መውረዱ ግማሽ ቀን፣ መውጣቱ ሙሉ ቀን ነው። እዚያ ሰው ሲታመም ወይ ይድናል ወይ ይሞታል፤ መሐል ላይ ሐኪም የሚባል ነገር የለም።

ወይራ ገደልን እኔ ልቁጠር ብዬ ለመንኩ፤ ሌላውም መውረዱን ፈርቶ ስለነበር ደስ እያለው ለቀቀልኝ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጠመንጃውን ታቅፎ ከቤት ቤት ይከተለኛል። እህቴ ቤት ስደርስ ፀሐዩ ከሯል። ጓሮዋ ባለው ወይራ ሥር ድንጋዮች አየሁና አንዱ ላይ ቁጭ ብዬ ፎርሜን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።

«ከዚያ ተነሣና እዚህ ቁርበቱ ላይ ና» አለችኝ።

«ለምን? ጥላ ነው እኮ።»

ሊቀመንበሩን አየት አደረገችውና «ይበርድሃል ብዬ ነው» አለች።

«የዳባት ልጅ ብርድ ይፈራል እንዴ!» አልኩና ተደላደልኩ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሊቀመንበሩ ፊት ቁም ነገረኛ ለመምሰል፣ «ጓዲት እንጉዳይ» ብዬ ጀመርኩ። ፎርሙ፣ «ከወለድሽያቸው ልጆች ስንቱ ሞቱብሽ?» ነው የሚለው።

«የሞተብኝ የለም» አለች።

ዜሮ ጻፍኩ። እናታችን ለእሷ ወሊድ ሦስት ጊዜ ወደ ገደሉ ስትወርድ አይቻለሁ። ስትመለስ ግን የምታወራው ስለ ገብሱ ነበር፤ እኔም ስለ ገብሱ እሰማ ነበር። መመሪያችን ደግሞ መላሹ ያለውን ጻፍ፣ ከራስህ አትጨምር ይላል። በሕይወቴ መመሪያ ያከበርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁሉም ቤት እንዲሁ ሆነ። «የለም።» «እግዜር ይመስገን፣ የለም።» አንድ ሁለት በኩፍኝ የሞቱ ትልልቅ ልጆች ተነገሩኝ፣ ሌላው ዜሮ። የመንገድ ዳሩን የቆጠረው ጓደኛዬ ግን ወረቀቱ ሞልቶበት መጣ። እዚያ መርፌ የሚወጋው ድሬሰር አልፎ አልፎ እየመጣ ሴቶቹን መናገር አስለምዷቸዋል። ጣቢያ ሊሠራ ነው የሚለውንም ቀድመው ሰምተዋል፤ አንዲት ሴትዮ የሞተች በቅሎዋን ሁሉ ላስጽፍ ብላ ታግላው ነበር። ነጋዴዎቹ እስላሞች ደግሞ ልጁ በሰባት ቀኑ ስም ስለሚወጣለት የሞተባቸውን በየስሙ እየጠሩ ነው ያስጻፉት። ዶክተሩ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠው መነጽራቸውን ሦስት ጊዜ ጠረጉ። «እንግዲህ የገደሉ አየር ለጤና ጥሩ ይሆናል» አሉ በመጨረሻ። «ተሳስቼ ነበር።» ጣቢያው ለመንገድ ዳር ተወሰነ። ጓደኞቼ «ዜሮው» የሚል ስም አወጡልኝ።

ይህን ወሬ ይዤ ግንቦት ላይ እህቴ ዘንድ ወረድኩ። ሆዷ ገፍቷል። እኔ እንደ ልማዴ እያሾፍኩ ነው የገባሁት፦ «እንኳን ደስ ያላችሁ! በወረዳው አንደኛ ጤነኛ እናንተ ናችሁ ተብሏል። ሐኪም ምን ያደርግላችኋል? እናንተ ራሳችሁ መንገድ ዳር ላለው ሰው ጤና ብትሸጡለት ይሻላል» እያልኩ ወደ ወይራው ሄድኩና ዐረፍ አልኩ።

«ተነሥ!» ብላ ጮኸች። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «ከላይዋ ላይ ተነሥ!»

«ከማን ላይ?»

«ከልጅቷ ላይ ነዋ!»

ተነሣሁ። ድንጋይዋን አየሁ፣ እህቴን አየሁ። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወደ እኔ መጣች።

«ይህችኛዋ የመጀመሪያዋ ናት። ያቺ ትንሿ ሁለተኛዋ። ያ ዳር ያለው ወንዱ ነው። ባለፈው ፎርምህን ስትሞላ የተቀመጥከው እሱ ላይ ነበር።»

«ታዲያ የሞተብኝ የለም አላልሽኝም እንዴ እትዬ?»

«ስንት ልጅ ሞተብሽ አልከኝ እንጂ! እነዚህ መቼ ልጅ ሆኑ? ወንዱ አርባ ቀን አልሞላው፣ ሴቶቹ ሰማንያ አልሞላቸው። ክርስትና አልተነሡ፣ ስም አልወጣላቸው፣ ፍትሐት አልተደረሰላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አልገቡ። አታልቅሺ ነው የተባልኩት። ያልተለቀሰለትን ሞተ ብዬ ላስጽፍህ? ያውም ያ ሰውዬ ጠመንጃውን ታቅፎ እያየኝ?»

«እኔ እኮ ወንድምሽ ነኝ።»

«አንተማ ያን ቀን የመንግሥት ነበርክ። ጓዲት እንጉዳይ ብለህ አይደል የጀመርከው?»

አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ቀና ብዬ መንደሩን አየሁት። በየቤቱ ጓሮ፣ ከወይራው ሥር፣ ከአጥሩ ሥር፣ ከጌሾው ሥር፣ ትናንሽ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አሉ። በየቤቱ ፎርም ሞልቼ አልነበር? በየቤቱስ የት ነበር የተቀመጥኩት? ሒሳብ የወደቅኩት ሰውዬ በዓይኔ መቁጠር ጀመርኩና ከአምስተኛው ቤት በላይ መቀጠል አቃተኝ።

አቀበቱን ወጥቼ በማግስቱ ዶክተሩ ፊት ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ድንጋዩ ላይ መቀመጤን ብቻ ደበቅኳቸው፤ አፈርኩ። ሰሙኝና ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እኔም አክስቴ ጓሮ እንደዚህ ያለ ድንጋይ አለ» አሉ። «አውሮፓ ድረስ ሄጄ ተምሬ፣ አንድም ቀን ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩም።» ወረቀት አውጥተው አዲስ ጥያቄ ጻፉ፦ አንድ ቀንም ቢሆን የኖረ፣ ክርስትና ያልተነሣም ቢሆን። «ወይራ ገደልን ብቻ በዚህ ደግመህ ቁጠርልኝ። ውሳኔው ሳይጸድቅ ካደረስክልኝ እጮህበታለሁ» አሉኝ።

ወረድኩ። በዚህኛው ጊዜ ሊቀመንበሩን የታመመ በሬ አለ ብዬ ወደ ታች ሰፈር ላክሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጓዲት የሚለውንም ተውኩት። እናንዬ፣ እትዬ፣ እማማ እያልኩ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጠየቅኩ። አንዲት አሮጊት፣ «የእኔ ቆይተዋል፤ ፀጉሬ ጥቁር ሳለ ነው። ይቆጠራሉ?» አሉኝ። ፎርሙ የቅርቡን ብቻ ነው የሚፈልገው። «ይቆጠራሉ እማማ» አልኳቸው። አራት ጻፍኩላቸው። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ማልቀስ ጀመሩ። ያንን የሰማች ጎረቤት ተቀበለቻቸው፣ ሌላዋም ቀጠለች፣ በሦስተኛው ቀን መንደሩ እንዳለ ለቅሶ ተቀመጠ። ሬሳ የለ፣ ካህን የለ፣ እኔ ብቻ እርሳስ ይዤ መሐላቸው።

ወረቀቱን ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ላብ እንዳያጠፋው በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ቢሮ ስደርስ የዶክተሩ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። «ዶክተሩ ለሌላ ግዳጅ ተጠርተዋል» ተባልኩ። ያን ጊዜ እንዲህ ሲባል የት ብሎ የሚጠይቅ ጅል አልነበረም፤ እኔ እንኳ አልጠየቅኩም። ወረቀቱን ለአዲሱ ሰውዬ ሰጠሁ። አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ጓድ፣ ይህ ምንድን ነው የሚለው? ክርስትና?»

«አዎ ጓድ፣ ክርስትና ካልተነሣ እንደ ልጅ ስለማይቆጠር…»

«በአብዮታዊ መንግሥት ፎርም ላይ ክርስትና? ይህ የአድኃሪ ጥያቄ ነው። ማን ጻፈው?»

ዶክተሩ ብል በዶክተሩ ጣጣ ላይ ሌላ ጣጣ መጨመር ነው። «እኔ» አልኩ። ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ቤል ቦተሜ ላይ ሲደርስ ነው መሰለኝ የናቀኝ። «ሂድ፣ ቆጠራው ተዘግቷል» አለና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ጨመረው። የመሳቢያው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። በሳምንቱ የጣቢያው የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ ቀይ ሪባን፣ ማርሽ፣ ንግግር። አጨብጭቡ ሲባል እኔም አጨበጨብኩ።

ነሐሴ ላይ ነው። ይታይሽን ካገባሁ ሁለት ወር አልሞላኝም። ከወይራ ገደል ቃሬዛ እየወጣ ነው የሚል ወሬ በገበያተኛ በኩል ሰማሁና እየሮጥኩ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄድኩ። ዝናቡ ልቅቅ ብሎ ወርዷል፣ መንገዱ ሳሙና ሆኗል። ስምንት ሰው ተሸክሟት፣ አራቱ ሲወድቁ አራቱ እየያዙ፣ አፋፉ ላይ አገኘኋቸው። ልጅቷን ትናንት ጠዋት ተገላግላለች፤ እንግዴ ልጁ አልወጣም፣ ደሙ አልቆመም። ባሏ ሕፃኗን በጋቢው ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዟል። ቃሬዛውን አሳረፉት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ጻፍካቸው?» አለችኝ።

«ጽፌያቸዋለሁ።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

ውሸት አይደለም። ጽፌያቸዋለሁ። መሳቢያ ውስጥ ናቸው አላልኳትም። ተሸካሚዎቹ ትንፋሻቸውን ሰብስበው «በሉ ተነሡ» ሲባባሉ እሷ አልነበረችም። ጣቢያው ገና ግድግዳው አላለቀም ነበር። ቢያልቅስ? ወደ እሱ ለመድረስ ገና የግማሽ ቀን መንገድ ይቀራት ነበር።

ሕፃኗን ይታይሽ ተቀበለቻት። አዲስ ሙሽራ፣ የላም ወተት በጨርቅ እያጠባች፣ ለሰማንያ ቀኗ ነጭ ልብስ እያሰፋች። ቀን እቆጥራለሁ፤ መቁጠር ሥራዬ አይደል? ሰባ ላይ ስንደርስ ማተቧን ገዝቼ መጣሁ። በሰባ ሰባተኛው ቀን ጠዋት ትኩሳት ያዛት። አዲሱ ጣቢያ ተመርቋል፤ ድሬሰሩ ስብሰባ ሄዷል። ወደ ካህኑ ሮጥኩ፤ ቶሎ እናጥምቃት ብዬ ይዣቸው ስመጣ ይታይሽ ደጅ ላይ ቆማ ራሷን ነቀነቀችልኝ። ሕፃኗን ወደ ጓሮ ወሰድኳት። ድንጋዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጠፍጣፋ፣ ሰው ሊቀመጥበት የሚያምረው ዓይነት ነው። ለምን እንደዚያ ዓይነት እንደመረጥኩ አላውቅም። አታልቅሱ ተባልን። አላለቀስንም። ከዚያ በኋላ ሦስት ልጆች ወልደን አሳድገናል፣ ስለዚያች ግን ከይታይሽ ጋር አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። አሁን ወይራ ገደልም ጤና ኬላ ተሠርቷል ይላሉ። ወርጄ አላየሁትም።

«ጋሼ?» አለችኝ ልጅቷ። ታብሌቷ ጠቁራባት በጣቷ እየነካች ታበራታለች። «ሞቶ የሚያውቅ አለ?»

«የለም» አልኳት።

አይገርምም? ያን ሁሉ ዓመት ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ኖሬ፣ ድንጋይዋ ከፊቴ ሆና፣ ምላሴ እንደ ወይራ ገደል ሴቶች ምላስ ሆነና ቁጭ አለ። ልጅቷ ዜሮዋን ልትነካ ጣቷን ስታነሣ ከማድቤቱ በር ላይ ድምፅ መጣ።

«አንድ በዪ።»

ይታይሽ ናት። እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ቆማለች። ልጅቷ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየች።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት» አልኩ እኔ። «ሰባ ሰባት ቀን።»

ልጅቷ ሞላች። ከዚያ አጥሩ ሥር ያለችውን ድንጋይ አየቻት፣ የተቀመጠችበትን ቀሚሷንም በእጇ ነካ አደረገች፣ ዓይኗ ሞላ። «ሌላ አለ ጋሼ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«የእህቴ ሦስት አሉ። የአንዲት አሮጊት ደግሞ አራት፤ እሳቸው ሞተዋል። ሌላም አለ፣ ከወይራ ገደል፣ ቤት በቤት ልነግርሽ እችላለሁ። ጊዜ ካለሽ።»

«ይቅርታ ጋሼ» አለች። «የሚሞላው የዚህ ቤት ብቻ ነው።»